አዲስ አበባ፣ ከልደታ ስታዲየም፦ የከተማው ባቡር ወይስ ታክሲ?

ሰው ትራንስፖርት የሚመርጠው በዋጋ ብቻ አይደለም። ትናንት እንዴት እንደተስተናገደ አስታውሶ ነው።

ዋጋ፦ ባቡሩ ይሻላል።

ጊዜ፦ ባቡሩ መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የራሱን ሐዲድ ይዞ ስለመጣ ሜክሲኮ አደባባይ ቢዘጋጋም አይመለከተውም። የሚያማርረው ጥበቃው ነው፤ ደግነቱ ከልደታ እስከ ስታዲየም ሁለቱም መስመሮች በአንድ ሐዲድ ስለሚሄዱ የመጣው ሁሉ ያደርሳችኋል፣ የቃሊቲውም የአያቱም። ታክሲ ቶሎ ይነሳል፣ መንገድ ላይ ግን ይገተራል።

ምቾት፦ ጠዋት ባቡር ውስጥ ግፊያ ነው፤ ቦርሳችሁን ደረታችሁ ላይ አቅፋችሁ ትቆማላችሁ። ታክሲ ወንበር አለው። ግን የረዳቱ አፍ! ባለፈው አንዲት እናት ዘንቢል ይዘው ሲገቡ "ጠጋ በሉላቸው" እንደማለት "የዕቃ ይከፈላል!" ብሎ ጮኸባቸው። ሴትዮዋ ምንም ሳይሉ ወረዱ። በጣም ነው ያናደደኝ። ብዙ ሰው ከታክሲ የሚሸሸው ታሪፉን ሳይሆን እንዲህ ያለውን ንግግር ጠልቶ ነው።

እና? ዕቃ ካላችሁ፣ ልጅ ካዘላችሁ ወይ ዝናብ ከሆነ ታክሲ። በሥራ መውጫ ሰዓት ባዶ እጃችሁን ከሆናችሁና መቆም ካልከበዳችሁ ባቡር።