ደቅ ደሴት ላይ ጀልባው የሚቆምበት ጋ ያለችው አሳ ቤት

ጣና ላይ ጀልባ ይዛችሁ ገዳማቱን የምትዞሩ ከሆነ ምሳ ባህር ዳር ተመልሰን እንበላለን ብላችሁ ራሳችሁን አታስርቡ። ደቅ ላይ ጀልባው ከሚቆምበት ትንሽ ከፍ ብሎ አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለች፣ ታፔላ ምናምን የላትም፣ ጭሱን እያያችሁ ሂዱ በቃ።

እኛ የገባነው በአጋጣሚ ነው። ወንዶቹ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ወረዱ፣ እዛ ደግሞ ሴት አይገባም፣ ጀልባ ላይ ቁጭ ብለን ፀሐይ ከሚፈጀን ብለን ባለጀልባውን ስንለምነው ደቅ ቅርብ ስለሆነ አድርሶን እነሱን ሊያመጣ ተመለሰ። (ሲመጡ ጥሩ ጥሩው አሳ አልቆ ነበር ሃሃሃ)

ሜኑ የለም፣ ያለው ጠዋት የተያዘው ነው። ባለቤቷ ጠና ያሉ እናት ናቸው፣ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ (ቲላፒያ) ይዘው መጥተው ስንጥቡን ከፈት አድርገው አሳዩን፣ ገና ቀይ ነው። ከዛ እዛው ፊታችን ጎንና ጎኑን በቢላ ተልትለው ጨው ነስንሰው የጋለ ዘይት ውስጥ ለቀቁት፣ ሲመጣ ጠርዙ ኩርሽም ኩርሽም ይላል ውስጡ ግን ነጭና እርጥብ ነው፣ አዲስ አበባ ፍሪጅ ውስጥ ሰንብቶ የሚሰጠን አሳ ያለው ሽታ ጭራሽ የለውም። ሎሚ ጨመቅ፣ ሚጥሚጣ ነካ፣ በእጅ ነው የሚበላው። እንጀራው የዳጉሳ ነው፣ ጠቆር ይላል፣ ጤፍ ካልሆነ ለምትሉ ላይመቻችሁ ይችላል እኔ ግን ደግሜ ነው የበላሁት። ፆም ላይ አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ደግሞ ለእናንተ ትቼዋለሁ፣ በተለይ ገዳም ፊት ለፊት ተቀምጬ አልገባበትም።

የአምባዛ አሳ ጉላሹን ተዉት። ቲማቲሙ ሳይበስል ነው የቀረበው፣ ላዩ ላይ ዘይት ተንሳፍፎበታል፣ ጓደኛዬ ሁለቴ ጎርሳ ወደ እኔ ሳህን ዞረች።

ትልቁ ችግር ግን መቆየቱ ነው። ስንደርስ እሳቱ ገና እየተያያዘ ነበር፣ ጣና ደግሞ ጠዋት ጸጥ ይልና ከሰዓት ነፋስ ይነሳበታል፣ ለዛ ነው ባለጀልባዎች በጠዋት ካልወጣን የሚሉት። «እትዬ ማዕበል ሳይነሳብን ቶሎ ያድርሱልን» ስንላቸው «አይዟችሁ፣ ማዕበሉን እኔ አውቀዋለሁ» ብለው ቀስ ብለው ሽንኩርታቸውን መክተፍ ቀጠሉ። አልተሳሳቱም፣ በልተን ቡናም ጠጥተን (የዘጌ ነው አሉን፣ ወፍራም ነው፣ እንዳታልፉት) እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን በምዕራቡ ዳርቻ ዞረን አየን፣ እዛ ሴትም ይገባል። መመለሻው ላይ ግን ጀልባዋ እየዘለለች ልብሳችን በስብሶ ነው የገባነው፣ ስለዚህ እንደደረሳችሁ መጀመሪያ እዘዙ ከዛ ፎቶ ተነሱ።

ዋጋው ባህር ዳር ሀይቅ ዳር ከምንከፍለው በጣም ይቀንሳል። ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ ስለሆነ ቴሌብር ብላችሁ አትተማመኑ፣ ዝርዝር ብር ያዙ፣ የሚጠጣ ውሃም ከከተማ ይዛችሁ ውጡ። ለቆሮሶው 5 ከ5፣ ለጉላሹ 1፣ መፀዳጃ ቤቱን ባልናገር ይሻላል።