የአንዲት እጩ የሕይወት ታሪክ ቡክሌት፦ ገጽ 7 ላይ ስደርስ

ሥራዬ እርማት ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሳነብ እውላለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ የምርጫ ቡክሌት እጄ ሲገባም እንደ መራጭ ጀምሬ እንደ አራሚ ጨረስኩት። ቡክሌቱ ለዓመታት የከተማ ምክር ቤት አባል ሆነው የሠሩ አንዲት ሴት የሕይወት ታሪክ ነው። አሁን ለፓርላማ ይወዳደራሉ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ የምገመግመው ቡክሌቱን ነው።

መልኩን ቶሎ ልለፈው። 12 ገጽ ነው፤ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ፊደሉም ለዓይን አይከብድም። ፎቶ ግን በዝቶበታል። ሦስቱ ላይ ሪባን ሲቆርጡ ይታያሉ። አንዱ ይበቃ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች ስለ ልጅነታቸውና በመምህርነት ስላሳለፉት ጊዜ ያወራሉ። ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። ችግሩ የሚመጣው ምክር ቤት ሲገቡ ነው። «መንገዱ ተሠራ»፣ «በጀት ተመደበ»፣ «ችግሩ ተፈታ» ይላል። ማን ሠራው? ማን መደበው? «ሠሩ» የሚለው «ተሠራ» ሲሆን ሠሪው ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል። ቀጥሎ ደግሞ «የበኩላቸውን አስተዋጽኦ አበርክተዋል» ይመጣል። ይህን ሐረግ ስንት ጊዜ እንደሰረዝኩት ቆጥሬ አልዘልቀውም። ሐሳቡን ያመነጨውም፣ እጁን ያወጣውም፣ ስብሰባው ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠውም እኩል «አስተዋጽኦ ያበረክታል»። መራጭ ማወቅ የሚፈልገው ደግሞ ልዩነቱን ነው።

ገጽ 7 ላይ ስደርስ ግን ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ስለ አንድ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነው። ነዋሪው ቦዩ በአጥሩ ሥር እንዲያልፍ አልፈለገም፤ እሳቸውም ከነዋሪው ጋር ወግነው ዕቅዱን ጣሉት። ክረምት ገባ። ውሃው የሁለት ቤት ግድግዳ ይዞ ሄደ። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥተው ጥፋቱ የእኔም ነው አሉ፤ ድምፃቸውንም ቀየሩ። ከቡክሌቱ ሁሉ በ«እኔ» የተጻፈው ይህ ገጽ ብቻ ነው፦ «እምቢ አልኩ»፣ «አጠፋሁ»፣ «ድምፄን ቀየርኩ»። ከሥሩ ያለችው ፎቶም ሪባን የላትም። በእርሳስ የተሳለ የቦዩ ንድፍ ነው፤ ጥጉ ላይ የጭቃ አውራ ጣት አርፎበታል። ያቺን የጣት አሻራ ደጋግሜ አየኋት።

ከከተማ ተነሥቶ አገር ለመምራት የሚመጣ ሰው ትልቁ ሀብቱ እንዲህ ያለ ዝርዝር ነው። የኢንዶኔዥያው ጆኮ ዊዶዶ የቤት ዕቃ ነጋዴ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 የሱራካርታ ከንቲባ፣ በ2012 የጃካርታ አገረ ገዥ፣ በ2014 ፕሬዚዳንት ሆኑ። ስለ ከንቲባነታቸው ሲነሣ ሰው የሚያወራው አንድ መናፈሻ ውስጥ ይነግዱ ስለነበሩ የመንገድ ዳር ሻጮች ነው። በኃይል አላስነሷቸውም። ከ50 ጊዜ በላይ ማዕድ ጋብዘው አነጋገሯቸው፤ በመጨረሻ ወደ አዲስ ገበያ የሄዱት በሰልፍ ታጅበው ነው። በኋላ ስለ ፕሬዚዳንትነታቸው ሰው የፈለገውን ይበል፤ ይህ ግን ማን ምን እንዳደረገ የሚያሳይ ታሪክ ነው።

ቡክሌቱ የዘለለው ነገርም አለ። እጩዋ ከዚህ በፊት ለፓርላማ ተወዳድረው ተሸንፈዋል። ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ቡክሌቱ ላይ ግን አንድ ቃል የለም። ምን ያሳፍራል? የኡራጓዩ ታባሬ ቫስኬዝ የካንሰር ሐኪም ነበሩ። የዋና ከተማዋን የሞንቴቪዴዮን አስተዳደር መርተው ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ እ.ኤ.አ. በ1994 ተሸነፉ፤ በ1999ም ተሸነፉ። በ2004 አሸነፉ። ሽንፈቱን የሚያውቅ መራጭ ሰውየው ለምን እንደተመለሱ ይጠይቃል፤ ለእጩ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም።

በጣም ያልወደድኩት የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች ነው። መንገድ፣ ውሃ፣ የመንገድ መብራት፣ ሁሉም በቃል ኪዳን መልክ ተደርድሯል። ይህ የከተማው ሥራ ነው። ፓርላማ ሕግ ያወጣል፤ የአገር በጀት ያጸድቃል፤ ሚኒስትር ጠርቶ ይጠይቃል። የትኛውን ሕግ ማሻሻል ይፈልጋሉ? የትኛው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ መግባት ይሻሉ? በምክር ቤት ሳሉ በጀት አንብበው «ይህ ቁጥር አይገጥምም» ያሉበት ቀን አለ? ካለ፣ ከሦስቱ የሪባን ፎቶዎች የአንዱ ቦታ ይበቃዋል።

ጀርባው ላይ ያለውን ስልክ ደወልኩ። አንድ ወጣት አነሣ። አራሚ ነኝ፣ ያለ ክፍያ ላየው እችላለሁ ስለው ትንሽ ዝም አለና «ሁለተኛው እትም ማክሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ ትደርሻለሽ?» አለኝ። እሑድ ማታ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። «ተሠራ» ያለበት ሁሉ ዳር ላይ «ማን?» ብዬ ጽፌያለሁ። ገጽ 4 በቀይ ተሞልቷል። ገጽ 7ን አልነካሁትም፤ ወደ ገጽ 2 ይምጣ ብዬ ቀስት ብቻ አድርጌበታለሁ።