«ለካፒቴን እገሌ የተበረከተ» የሚል የድሮ ሽጉጥ ሊገዛ ያሰበ ካለ ይቺን ያንብብ

እዚህ አሜሪካ የድሮ ዕቃ መሰብሰብ የጀመራችሁ ወገኖች፣ በተለይ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በፔንሲልቬኒያ በኩል ያላችሁ፣ ይቺን ሳታነቡ ቼክ እንዳትጽፉ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ሽጉጦች ገበያው ላይ ሞልተዋል። ከእነሱ መካከል እጀታቸው ጀርባ ላይ የሰው ስም የተቀረጸባቸው አሉ። እውነተኛዎቹ ብርቅ ናቸው። ፎርጅዶቹ ግን ብርቅ አይደሉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 ጦርነቱ ሲጀመር የየከተማው ሚሊሺያና በጎ ፈቃደኛ ወደ ግንባር ሄደ። ካፒቴኑን ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ራሱ ወታደሩ ነበር። ስለዚህ ካፒቴኑ የሰፈር ሰው ነው፤ ትናንት ጠበቃ ወይም ነጋዴ የነበረ። መኮንን ደግሞ ሰይፉንም ሽጉጡንም የሚገዛው ከኪሱ ነው። እናም የአገሩ ሰው ወይም ወታደሮቹ ራሳቸው ያዋጡና ጥሩ ሽጉጥ ይገዙለታል። የከተማው ጌጣጌጥ ሠሪ ጋ ተወስዶ ስሙ፣ የሰጪዎቹ ማንነትና ቀኑ ይቀረጽበታል። ከዚያ ሰው ተሰብስቦ፣ ንግግር ተደርጎ፣ ይሰጠዋል። የከተማው ጋዜጣም ብዙ ጊዜ ይዘግበዋል። (ይህን የጋዜጣ ነገር ያዙልኝ።)

ከፍ ያለው ዓይነት ደግሞ ብረቱ በሙሉ በሐረግና በቅጠል ቅርጽ የተሞላ ነው። ለኮልት የሽጉጥ ፋብሪካ ይቀርጽ የነበረው የጉስታቭ ያንግ ወይም የኒውዮርኩ የኒምሽኬ እጅ ያረፈበት ከሆነ፣ እሱ ሌላ ዓለም ነው። እኔና እናንተ እሱን ሱቅ መስኮት ላይ አናገኘውም።

አሁን እንደ አጭበርባሪ አስቡ። ሽጉጡ ራሱ ብዙ ነው። ኮልት የ1860 አርሚ የሚባለውን ባለ 44 ካሊበር ስድስት ጎራሽ እስከ 1873 ድረስ 200,000 ያህል አምርቷል። ያረጀና ተራ የሆነው ዛሬም በሁለት ሺህ ዶላር አካባቢ ይገኛል። ሦስት መስመር ጽሁፍ ሲጨመርበት ዋጋው ሌላ ይሆናል። ጽሁፉን ለመጨመር የሚያስፈልገው ደግሞ መቅረጫና ትንሽ ትዕግሥት ነው። በአጭሩ፣ ትልቁን ገንዘብ የምትከፍሉት ለመጨመር በጣም ቀላል ለሆነው ነገር ነው።

አንድ ጓደኛዬ በዚህ ዓመት ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ካለ የአንቲክ ሱቅ አንዱን በ8,500 ዶላር ገዛ። ጉዳዩ በሕግ ስለተያዘ የሱቁን ስም አልጠራም። ጽሁፉ «ለካፒቴን እገሌ፣ ከሻምበሉ አባላት፣ ኦገስት 1861» ይላል። ነጋዴው ምን ቢለው ጥሩ ነው? «እኔን አትመነኝ፤ ስሙን ራስህ ፈልገው።» ጓደኛዬ እዚያው ቆሞ በስልኩ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎትን የወታደሮች ዝርዝር ከፈተ። በነፃ ነው፣ ማንም ማየት ይችላል። ስሙ አለ። የነበረበት ሬጅመንት (ክፍለ ጦር) ተጽፏል። የወጣበት ማዕረግ ካፒቴን ይላል። አለቀ! ቼኩ ተጻፈ።

ትልቁ ወጥመድ ይሄ ነው። ስሙ መገኘቱ ምንም ማለት አይደለም። አጭበርባሪውም የወሰደው ከዚያው ዝርዝር ነዋ! ዝርዝሩ ላይ ሁለት ማዕረግ ነው ያለው፤ አንዱ ሲገባ የነበረው፣ ሌላው ሲወጣ የነበረው። ሰውዬው የገባው ተራ ወታደር ሆኖ ነው። መቼ ካፒቴን እንደሆነ ለማወቅ ዋሽንግተን ካለው ከብሔራዊ ቤተ መዛግብት የአገልግሎት ፋይሉን ማየት ያስፈልጋል። ፋይሉ ሲመጣ ሹመቱ የ1863 ሆኖ ተገኘ። በኦገስት 1861 ጀማሪ ወታደር ነው። ወታደሮቹ ትንቢት ካልታያቸው በስተቀር ካፒቴን ብለው አይሸልሙትም።

ከዚያ ደግሞ የመለያ ቁጥሩ አለ። የጓደኛዬ ሽጉጥ ቁጥር ከ110,000 በላይ ነው። የ1860 አርሚ ቁጥሮች በየትኛው ዓመት የት እንደደረሱ ሰብሳቢዎች ሁሉ የሚጠቀሙበት ሰንጠረዥ አለ። በ1861 የተሠሩት ገና ሃያ ምናምን ሺህ ላይ ነበሩ። ከመቶ ሺህ በላይ ያለው ከ1863 ወዲህ የተሠራ ነው። ስለዚህ ይህ ሽጉጥ ሳይሠራ ነው የተሸለመው! ይህን ለማወቅ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ሱቁ ውስጥ ሆናችሁም ይቻላል።

ሽጉጡን ቤቱ ሄጄ በወርቅ ሠሪ ማጉያ መነጽር አየሁት። የእጀታው የጀርባ ብረት ላይ ዝገት የበላቸው ትናንሽ ጉድጓዶች አሉ። መቶ ስድሳ ዓመት የኖረ ብረት ላይ ያ ያለ ነገር ነው። ችግሩ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ጋ ነው። የፊደሉ መስመር ወደ አንዱ ጉድጓድ ይወርዳል፤ የጉድጓዱን ግድግዳ ቆርጦ በሌላው በኩል ይወጣል። ይህ ማለት ፊደሉ ሲቀረጽ ጉድጓዱ አስቀድሞ ነበረ። እውነተኛ ቢሆን ኖሮ ዝገቱ ነበር ፊደሉን የሚበላው። ሌላም አለ። የብረቱ ላይ ቡናማ ሆኖ የፊደሎቹ ውስጥ ፈካ ያለ ነው። በአንድ ቦታ ላይ ጥቁር ቀለም የመሰለ ነገር ተቀብቶበታል፤ በጥርስ መፈቅፈቂያ ስነካው ለቀቀ። የፊደሎቹ ጠርዝም ጣት ላይ ይሻክራል። በመዳፍ ብዙ የተያዘ እጀታ ላይ የፊደል ጠርዝ ልሙጥ መሆን ነበረበት።

እንዲህ ያለውን በፎቶ ማየት አይቻልም። ሻጩ መብራት አምጥቶ፣ ማጉያ ሰጥቶ፣ «እንደፈለግክ እየው» ካላለ ትታችሁ ውጡ።

የዚሁ ሽጉጥ ጎንና ጎን ላይ ያለው የሐረግ ቅርጽም ያው በኋላ የተጨመረ ነው። ለመቅረጽ ብረቱን መጀመሪያ ፍቀውታል። በምን ይታወቃል? የመለያ ቁጥሮቹና የፋብሪካው ጽሁፍ ሳስተዋል፤ የብሎኖቹ ቀዳዳ ዙሪያ ሰርጎድ ብሏል። ሲሊንደሩ ላይ በአብዛኞቹ የ1860 አርሚ ላይ ያለው የባሕር ጦርነት ሥዕል ይገኛል፤ የቴክሳስና የሜክሲኮ መርከቦች በሜይ 16 ቀን 1843 ሲዋጉ የሚያሳየው። ሌላው ብረት እንደ አዲስ ተፍቆ እሱ ብቻ ተበልቶ ካገኛችሁት መጠርጠር ነው። የጓደኛዬ ላይ ደግሞ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ትናንሽ ፊደሎች ቃታ መከላከያውና ሲሊንደሩ ላይ ቀርተዋል። በጦርነቱ ጊዜ መንግሥት ከዚህ ዓይነት ከመቶ ሺህ በላይ ገዝቶ ነበር። ወታደሮቹ አዋጥተው ከሱቅ የገዙት ከሆነ የመንግሥት ምልክት ምን ይሠራበታል?

ጭራሹን የድሮ ያልሆነም አለ። ጣሊያኖች ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የእነዚህን ሽጉጦች ቅጂ እየሠሩ ነው። ጥሩ ይሠራሉ። የጣሊያን የፍተሻ ማኅተሙን ፍቆ፣ አሲድ ቀብቶ «አያቴ የተዋጉበት» ብሎ የሚሸጥ አይጠፋም።

ወረቀቶቹን በተመለከተ። ነጋዴው ራሱ የጻፈው «የእውነተኛነት ምስክር ወረቀት» ከደረሰኝ አይለይም። የልጅ ልጅ ነኝ ባይ በኖታሪ ያስፈረመውም ቢሆን ኖታሪው የመሰከረው ፊርማውን እንጂ ታሪኩን አይደለም። የፋብሪካ ደብዳቤ ግን ዋጋ አለው። ኮልት በክፍያ መዝገቡን አይቶ ይጽፋል፤ ሆኖም ለዚያ ዘመን ሽጉጦች መዝገቡ የተሟላ አይደለም። ሻጮች «የቀረጸው የሰፈር ጌጣጌጥ ሠሪ ስለሆነ ፋብሪካው አያውቀውም» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ለዚህም ነው የሚመቻቸው። እናንተ ጋዜጣውን ጠይቁ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት «ክሮኒክሊንግ አሜሪካ» በሚባለው ገጹ የድሮ ጋዜጦችን በነፃ ያስነብባል። የርክክቡ ዜና እዚያ ከተገኘ፣ ስሙ፣ ቀኑና የሽጉጡ ዓይነት ከገጠመ፣ ያ ወረቀት ነው።

ደረሰኙን አሁን ሳየው ነው ይበልጥ የተናደድኩት። «አንድ የድሮ ሽጉጥ፣ ጽሁፍ ያለበት፣ እንዳለ የተሸጠ» ይላል። የካፒቴኑ ስም የለም። 1861 የለም። ጽሁፉ የዘመኑ ነው የሚል የለም። በቃል የተነገረው ሁሉ ወረቀቱ ላይ ተንኗል። ነጋዴው «በካሽ ወይም በቼክ ከሆነ አምስት መቶ እቀንሳለሁ» ማለቱም ለደግነት አልነበረም፤ በካርድ ቢከፈል ባንኩ ጋ ቅሬታ ይገባ ነበር። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ «ጽሁፉ በ1861 የተቀረጸ መሆኑን አረጋግጣለሁ፤ ካልሆነ ገንዘቡን እመልሳለሁ» ብሎ እንዲጽፍ ጠይቁት። እጁ ከተንቀጠቀጠ መልሱን አገኛችሁ።

በመሃል አንድ ነገር። ከ1899 በፊት የተሠራ ሽጉጥ በፌዴራል ሕግ እንደ አንቲክ ስለሚቆጠር ያለ ነጋዴ ፈቃድ እጅ በእጅ ይሸጣል፤ የየስቴቱ ሕግ ግን ይለያያልና ጠይቁ። ለአባቴ ስጦታ ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ ከታችሁ አዲስ አበባ ለመውሰድ ደግሞ እንዳታስቡት። የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ቦሌ ላይ «አንቲክ ነው እኮ» ብሎ መከራከር አያዋጣም።

ጓደኛዬ ሽጉጡን ሊመልስ ሄዶ ነበር። ነጋዴው ገንዘብ አልመልስም፣ በምትኩ ሰይፍ ልስጥህ አለው። ሰይፉም ላይ ስም ተቀርጿል። በፔንሲልቬኒያ እስከ 12,000 ዶላር የሚደርስ ክርክር የወረዳ ዳኛ ፊት ያለ ጠበቃ ማቅረብ ይቻላል። እሱም የአገልግሎት ፋይሉን፣ የቁጥር ሰንጠረዡንና የዚያችን ፊደል ጎልቶ የተነሳ ፎቶ አያይዞ ክሱን አስገብቷል። ከዚያው ሱቅ የገዛ ወገን ካለ በውስጥ ያናግረኝ፤ ሁለት መዝገብ ከአንድ ይሻላል።