ቴርሞሜትር፦ ሜርኩሪ ወይስ አልኮል?

መለያው ቀለሙ ነው። ብርማው አብዛኛውን ጊዜ ሜርኩሪ ነው፤ የድሮ ሰዎች ባዜቃ የሚሉት። ቀዩ ወይም ሰማያዊው አብዛኛውን ጊዜ አልኮል ነው።

ብርድ፦ ሜርኩሪ ከዜሮ በታች 39 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ይጠጥራል። ኤታኖል የሚባለው አልኮል ግን ከዜሮ በታች እስከ 114 ድረስ ፈሳሽ ነው።

ሙቀት፦ እዚህ ሜርኩሪ ይበልጣል፤ የሚፈላው 357 ላይ ነው። ኤታኖል 78 ላይ ይፈላል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ገደማ ላይ ነው፤ ለዚያ እንኳ ተራው የአልኮል ቴርሞሜትር አይታመንም።

ዋጋ፦ አልኮሉ ይረክሳል።

አደጋ፦ ዋናው ነገር ይሄ ነው። አልኮሉ ቢሰበር ጠርጎ መጣል ነው። ሜርኩሪው ግን ተንከባሎ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ ትነቱም መርዝ ነው። በመጥረጊያ ከነካኩት ይባስ ይበታተናል። ልጆችን ማስወጣት፣ መስኮት መክፈት፣ ጠብታዎቹን በጠንካራ ወረቀት እየሰበሰቡ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ማድረግ ይሻላል። (ልጅ ሆነን በጣታችን እናንከባልለው ነበር፤ ማን ነገረን!)

ለክፍል፣ ለፍሪጅና ለውጭ አየር አልኮሉ ይበቃል። ከ100 በላይ ለሚሞቅ የላብራቶሪ ሥራ ሜርኩሪው፣ ያውም በጥንቃቄ። ለልጅ ትኩሳት ከሆነ ሁለቱም ይቅሩ፤ ዲጂታሉን ግዙ።