አንድ ዓመት ስጠኝ ላለኝ የኮዬ ፈጬው አሰልጣኝ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ወይም ቱሉ ዲምቱ በኩል የምትኖሩ፣ ጂም ለመጀመር የምታስቡ ካላችሁ ይቺን አንብቡልኝ። ስለ ሰፈራችን አሰልጣኝ ነው የምጽፈው። ምስጋና ይገባዋል።

ከ2 ዓመት በፊት 58 ኪሎ ነበርኩ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ76 ነው። ቀደም ብዬ መሃል ከተማ አንድ ጂም ተመዝግቤ ነበር። «በ2 ወር ሌላ ሰው ትሆናለህ» ብለው የፕሮቲን ዱቄት ሸጡልኝ። 2 ወሩ ሲሞላ መስታወት ፊት ቆምኩ፤ ያው ነኝ። ጥፋቱ የራሴ መሰለኝና ተውኩት። በጣም ነበር የከፋኝ።

ይሄኛው ጋ ስሄድ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ስንት ጊዜ ትሰጠኛለህ?» ብሎ ነው። 3 ወር አልኩት። «3 ወር መልመጃ ነው፤ አንድ ዓመት ስጠኝ» አለኝ። ከዚያ የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥቶ ክንዴን ለካ። 27 ሳንቲ ሜትር። ደብተሬ ላይ ጻፈው።

በ6 ሳምንት ውስጥ ስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ማለት) ከባዶ ባር፣ ክብደት ካልተጫነበት የ20 ኪሎ የብረት ዘንግ ማለት ነው፣ ተነስቼ 45 ኪሎ ደረስኩ። ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ግራ ገባኝ። ኮች ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። መጀመሪያ የሚመጣው ጉልበት በአብዛኛው ጡንቻ ስላደገ አይደለም። ነርቮቻችን ያለውን ጡንቻ ማዘዝ ስለሚለምዱ ነው። በዓይን የሚታይ ለውጥ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈልጋል። በደንብ የሚበላና የሚተኛ ጀማሪ ወንድ እንኳ በወር ግማሽ ኪሎ፣ ሲበዛ አንድ ኪሎ ገደማ ጡንቻ ቢጨምር ትልቅ ነገር ነው። ከዓመት በኋላ ደግሞ እየቀነሰ ይሄዳል።

ይህን ባይነግረኝ ኖሮ በ7ኛው ሳምንት ጥዬ እወጣ ነበር።

ዱቄት ግዛ ብሎኝ አያውቅም። ለኔ ክብደት በቀን 95 ግራም ገደማ ፕሮቲን እንደሚበቃ ነግሮኝ፣ ከቤቴ ማዕድ ቆጠረልኝ። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። የዐቢይ ጾም ሲመጣ «55 ቀን ሙሉ ምን ልሆን ነው?» ብዬ ተጨነቅኩ። «ጹም። ሽሮው ይወፍር፣ ምስርና ባቄላ ጨምር፣ ብረቱን ብቻ አታቋርጥ» አለኝ። ሰዓቴንም ወደ ማታ አዞረልኝ። ፋሲካ ላይ ስንለካ ክንዴ አልጨመረም፣ አልቀነሰምም። እሱ ከኔ በላይ ደስ አለው።

ዓመት ሲሞላኝ 64 ኪሎ ገባሁ፤ ክንዴም 30 ተኩል ሆነ። «6ቱም ኪሎ ጡንቻ እንዳይመስልህ፣ ስብም ውሃም አለበት» አለኝ። ሌላው ቢሆን ፎቶዬን ለጥፎ ማስታወቂያ ይሠራበት ነበር። በ2ኛው ዓመት የጨመርኩት 2 ኪሎ ነው። ቀድሞ ስለነገረኝ ምንም አልከፋኝም።

አንድ ሌላ ነገር ላንሳ። አንድ ልጅ መጥቶ ጡንቻ ስለሚያሳድገው የሆርሞን መርፌ ጠየቀው። ሥራውን አቁሞ ግማሽ ሰዓት ያህል አናገረው። ልብንና ጉበትን እንደሚጎዳ፣ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት እንደሚያቆም ነገረው። ልጁ አሁን ያለ መርፌ አብሮን ይሠራል። ወንድም ቢኖረኝ እንዲህ ያለ ሰው እጅ እንዲገባ ነው የምፈልገው።

ጂሙ ምድር ላይ ያለ ጠባብ የንግድ ቤት ነው። ባር፣ ዳምቤልና አግዳሚ ወንበር አለው፤ ብዙ ማሽን አትጠብቁ። አቅጣጫውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፣ መጀመሪያ ቀን ይለካችኋል።

ኮች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።