ለጠባብ በርሜል የቱ ይሻላል? ሳቦ፣ ቀጥኖ የተሸጠ አረር ወይስ የራስ ማቅጠኛ ዳይ

በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። መዳብ የለበሰውን አረር አፈሙዙ ላይ አስቀምጦ በዘንግ ይገፋዋል። አረሩ ንቅንቅ አይልም። ጠንከር አድርጎ ሲገፋው ደግሞ መንገድ ላይ ይቀረቀራል።

የችግሩ መጠን ሲታይ ያስገርማል። የ45 ካሊበር ጠመንጃን እንውሰድ። የበርሜሉ ውስጥ፣ አረሩን በሚያሽከረክሩት ጠመዝማዛ ጉብታዎች መካከል ሲለካ፣ ብዙ ጊዜ ወደ 0.450 ኢንች (11.43 ሚሊሜትር) ነው። ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት መዳብ ለበስ የ45 ሽጉጥ አረሮች ግን 0.451 ወይም 0.452 ኢንች ናቸው። ልዩነቱ 1 ወይም 2 ሺኛ ኢንች ብቻ ነው። 1 ሺኛ ኢንች ደግሞ 0.025 ሚሊሜትር ነው፤ ከአንድ ፀጉር ውፍረት ያንሳል። ለስላሳ እርሳስ ቢሆን ጉብታዎቹ እየቀረጹት ይወርድ ነበር። መዳብ ግን በእጅ ጉልበት አይቀረጽም።

ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ማይክሮሜትር የሚባለውን ረቂቅ መለኪያ ግዙ። ካሊፐር አለኝ የሚል ብዙ ነው። ተራ ካሊፐር ግን እስከ 1 ሺኛ ኢንች ድረስ ሊሳሳት ይችላል። እኛ የምንፈልገውም ያንኑ 1 ሺኛ ነው! በርሜሉን ለመለካት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፤ ውስጡን አጽዱና ዘይት ቀቡት። ከዚያ ከቀዳዳው ትንሽ የሚበልጥ ንጹህ እርሳስ ከዳር እስከ ዳር ግፉበት። ጉብታዎቹ እርሳሱ ላይ የቀረጹት ዝቅተኛ ቦታ ትክክለኛ ልካችሁ ነው። እርሳሱ ሲሄድ እጃችሁ የሚሰማውንም ልብ በሉ። አንዳንድ በርሜል አፉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ታች ላላ ይላል።

አሁን ወደ ምርጫው።

ሳቦ የሚባለው የፕላስቲክ ማቀፊያ ቀላሉ መንገድ ነው። በ50 ካሊበር በርሜል 0.452 ኢንች አረር ይዞ ይገባል፤ ጠመዝማዛውን የሚይዘው ፕላስቲኩ ነው። ዳይም (አረሩን የሚያቀጥነው ቀዳዳ ያለው ብረት) ፕሬስም (አረሩን በዳዩ ውስጥ የሚገፋው መጫኛ) አያስፈልግም። ለጠባብ በርሜል ሳሳ ያለ ሳቦ ስለሚሠራ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ በአንድ ፓኬት ይፈታል። ድክመቱ ሙቀት ነው። በርሜሉ ሲግል ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፤ ጥይቶቹም ዒላማ ላይ ይበታተናሉ። በተኩስ መካከል በርሜሉ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግድ ነው። በአንዳንድ ቦታ የአደን ሕግ ሳቦን ስለሚከለክል፣ ለአደን የምትፈልጉት ከሆነ መጀመሪያ ሕጉን እዩ።

በጥቁር ባሩድ ብቻ የምትተኩሱ ከሆነ ግን መዳቡን ጭራሽ ተዉት። ለስላሳ ሾጣጣ እርሳስ ራሱን በበርሜሉ ልክ ያደርጋል። የፈረንሳዩ መኮንን ክሎድ ኤቲየን ሚኒዬ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ይህንኑ ጣጣ የፈታው፣ ከበርሜሉ ቀጠን ብሎ በቀላሉ የሚገባና ሲተኮስ ግርጌው የሚሰፋ እርሳስ ሠርቶ ነው። ሐሳቡ ዛሬም ይሠራል።

ቀጥኖ የተሸጠ መዳብ ለበስ አረር በዓመት ጥቂት ጥይት ለሚተኩስ ሰው ይበቃል። ችግሩ ልኩ የሻጩ እንጂ የእናንተ በርሜል አለመሆኑ ነው። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት በርሜሎች እንኳ በግማሽ ሺኛ ሊለያዩ ይችላሉ። የተለያየ ልክ ያላቸውን ናሙናዎች የሚሸጥላችሁ ካገኛችሁ፣ ከእሱ ግዙ።

ብዙ የሚተኩስ ሰው የራሱን ዳይ ይያዝ። እዚህ ላይ ልዘግይ፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነውና።

ልኩ የማይቀየር ዳይ ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን አረሩ ዳዩ ላይ በተጻፈው ቁጥር ልክ ይወጣል ብለው ነው። መዳብ ከተጨመቀ በኋላ ትንሽ ይመለሳል። 0.450 የተባለ ዳይ ከ0.450 ትንሽ የሚበልጥ አረር ሊሰጣችሁ ይችላል። ምን ያህል እንደሚመለስ ደግሞ እንደ አረሩ ዓይነት ይለያያል። የዛሬው አረር ገበያ ላይ ጠፍቶ ሌላ ስትገዙ ያው ዳይ ልክ ላይሆን ይችላል።

የሚስተካከለው ዳይ ይህን ይፈታል። ሲዞር ይጠብባል ወይም ይሰፋል። ዋጋው ይከብዳል፤ በየጊዜው በማይክሮሜትር ማረጋገጥም ይጠይቃል። እኔ ግን አንድ ብቻ ግዛ ብባል እሱን ነው የምገዛው። ጠመንጃ ብትቀይሩ ወይም አረር ብትቀይሩ አብሯችሁ ይቆያል።

ሦስተኛው ዓይነት ዳይ የበርሜሉን ጉብታዎችና በመካከላቸው ያሉትን ቦዮች ራሱ አረሩ ላይ የሚያትም ነው። ግጥሚያው ከሁሉም ይበልጣል፤ ጋዝም በደንብ ይዘጋል። ግን የሚሆነው ለአንድ በርሜል ብቻ ነው። ስታጎርሱም የአረሩን መስመር ከቦዩ ጋር ማገናኘት አለባችሁ። ለዒላማ ተኳሽ ደስታ ነው፤ ጨለምለም ባለ ጫካ ውስጥ ለሚቸኩል አዳኝ ግን አልመክረውም።

የትኛውንም ዳይ ብትገዙ አረሩን በጫፉ በኩል አስገቡ፤ ግፊቱ በጠፍጣፋው ግርጌ ላይ ይረፍ። ቀጭን ቅባት ቀቡት፣ ሲያልቅ ግን ጥርግ አድርጋችሁ አውጡት፤ ቅባት ባሩድ ያበላሻል። ከ2 ሺኛ በላይ መቀነስ ካስፈለጋችሁ አረሩን ቀይሩ እላለሁ። መዳቡ ተመልሶ የውስጡ እርሳስ ሳይመለስ ሲቀር፣ ሁለቱ ይላቀቃሉ። እርሳሱ ከመዳቡ ጋር የተጣበቀ አረር የተሻለ ይችላል። ሙሉ በሙሉ መዳብ የሆነው ደግሞ ለማቅጠን አስቸጋሪ ነው።

ከመጠን በላይ ማቅጠንም አደገኛ ነው። የላላ አረር ጠመንጃው ወደ ታች ሲዘቀዘቅ ከባሩዱ ይርቃል። በመካከሉ ክፍተት ካለ ሲተኮስ በርሜሉ ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። ወፍሮ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ አረርም አደጋው ያው ነው። አረሩ ባሩዱ ላይ ሲያርፍ ዘንጉ የት እንደሚደርስ ምልክት አድርጉበት፤ በየተኩሱም እዩት። ጭስ አልባ ባሩድ ደግሞ አምራቹ ለእሱ ብሎ ከሠራው ጠመንጃ ውጭ ፈጽሞ አይገባም።

ልኩን ስትፈትኑ ባሩድም ካፕም (ባሩዱን የሚለኩሰው ቆብ) አይኑር፤ የኋላ መዝጊያው ብሎን የሚፈታ ከሆነ ፍቱት። አረሩን በዘንግ ወደ ውስጥ ግፉ። በአንድ እጅ ሳያቆራርጥ ከወረደ፣ ጠመንጃውን ስትዘቀዝቁትም ካልተንሸራተተ፣ ልካችሁን አገኛችሁ።