ለክሩዘር ሞተር የትኛው ማርሚታ? ፎርጅዱ፣ ያገለገለው ኦሪጅናል ወይስ የበያጁ ሥራ

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ከዛፍ ሥር ቡና ስንጠጣ አንድ ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ጥንድ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ነው፤ ጎኑ ላይ የታወቀ የአሜሪካ ስም ተቀርጾበታል፤ ዋጋው 14,000 ብር። «ቀብድ ልስጥ ወይስ ይቅር?» አለኝ። ከመስከረም ወዲህ ይህንኑ ሲጠይቀኝ ስድስተኛው ሰው ነው። እንዳይሰጥ ለመንኩት። ያንኑ ፎርጅድ፣ በታዋቂው ስም አስመስለው የሠሩትን ዕቃ እኔ በ11,500 ብር ገዝቼ በመጨረሻ ስንት እንደወጣብኝ ብር በብር ጽፌ ይዤዋለሁና።

ምርጫዬን አልደብቅም። ድሬዳዋ ወይም ሐረር ውስጥ ክሩዘር፣ ማለትም ዝቅ ብሎ ለረጅም ጉዞ የተሠራ ሞተር ብስክሌት፣ ለሚነዳ ሰው የምመክረው ጎበዝ በያጅ በአርጎን ጋዝ ብየዳ የሠራውን ማርሚታ ነው። ከሞተሩ የሚወጡት ኦሪጅናል ቱቦዎች በቦታቸው ይቆያሉ፤ የሚቀየረው የኋለኛው ክፍል ብቻ ነው። ስለ ፈረስ ጉልበትና ስለ ቱቦ ስፋት ሻጩ ሳትጠይቁት ይነግራችኋል፤ እኔ የምናገረው ከተገዛ በኋላ ስለሚመጣው ነው።

ፎርጅዱን የገዛሁት በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ለያማሃ ቪራጎ 250 ሞተሬ ነው፤ ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) እስከ ጫፉ ሙሉውን። ሻጩ ማግኔት አውጥቶ ቱቦው ላይ አስጠጋ፤ አልያዘም። «ንጹሕ ስቴንለስ ነው» አለኝ፤ አመንኩት። ማግኔት የማይዘው ስቴንለስ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ የተማርኩት ዘግይቼ ነው። 304 የሚባለው ኒኬል በደንብ የገባበት ነው። 201 የሚባለው ደግሞ ኒኬሉ ተቀንሶ ማንጋኒዝ የተተካበት ርካሽ ዓይነት ነው። ሁለቱንም ማግኔት አይይዛቸውም፤ 201 ግን ይዝጋል። በአንጻሩ 409 የሚባለውን፣ ትልልቅ ፋብሪካዎች ሳይቀሩ ለጭስ ማውጫ የሚጠቀሙበትን ስቴንለስ፣ ማግኔት ይይዘዋል። ስለዚህ ሻጭ ማግኔት ሲያወጣ ልባችሁ አይረፍ።

ሲገጠም የፊተኛው ቱቦ ማሰሪያ ቀዳዳ ከሞተሩ ብሎን ጋር አራት ሚሊ ሜትር ያህል ተላለፈ። ገጣሚው በጉልበት ሲስበው ከቴስታታው የወጣው ብሎን ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ በውስጡ የቀረውን ብሎን ጥርሱን ሳያበላሹ ማውጣት ትልቅ ሥራ ነው፤ 3,500 ብር ከፈልኩ። ማሰሪያውን ለማስተካከል 1,200፣ ለሁለት ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) 300። የ11,500 ብር ዕቃ ሞተሩ ሳይነሣ 16,500 ብር ገባ። በአምስተኛው ወር ከሥሩ ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ። በስድስተኛው የውስጡ ድምፅ ማፈኛ ብየዳው ለቆ በየጉድጓዱ እንደ ባዶ ጣሳ መንኳኳት ጀመረ። ቆርጠን ስንከፍተው ማፈኛው የተያዘው በሦስት የብየዳ ነጥብ ብቻ ነበር።

ስሙ እውነተኛ የሆነውስ? ጥሩ ዕቃ ነው፤ ብረቱም ልኩም አያሳፍርም። ዋጋው ግን ከእኛ ኪስ ጋር ተለያይቷል። እኔ የጠየቅኩት ጥንድ እዚያው አሜሪካ 430 ዶላር ነበር። ዶላር 57 ብር በነበረበት ጊዜ ይህ 24,500 ብር ገደማ ነው። የውጭ ምንዛሪው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በ150 ብር ብናሰላው 64,500 ይሆናል፤ ማጓጓዣውና ቀረጡ ሳይጨመር። በዚህ ገንዘብ ሁለት ጎማ፣ ሰንሰለትና ባትሪ ቀይራችሁ ለቤታችሁም ይተርፋችኋል።

ያገለገለ ኦሪጅናል ሁለተኛ ምርጫዬ ነው፤ 18,000 ብር ተብዬ ለመግዛት ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ችግሩ ከውጭ አይታይም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ከከዚራ እዚያው ከተማ ውስጥ ሳቢያን ደርሶ የሚመለስ ሞተር ማርሚታው በደንብ ሳይግል ስለሚጠፋ እንፋሎቱ እዚያው ውሃ ሆኖ ይተኛል፤ ብረቱም ከውስጥ ይበላል። ፋብሪካው ለዚሁ ሲል ከሥር ትንሽ ቀዳዳ ይተዋል። እኔ ባየሁት ጥንድ ላይ አንዱ ባለሙያ «ጭስ ያፈስሳል» ብሎ ያችን ቀዳዳ በብየዳ ደፍኗት ነበር። ማርሚታውን አንሥቼ ሳወዛውዘው ዝገቱ በውስጡ እንደ አሸዋ ተንሿሿ። መልሼ አስቀመጥኩት። እናንተም ከመክፈላችሁ በፊት አወዛውዙት፤ ከሥሩ በቡጢ ምቱት፤ ድምፁ የደነዘዘ ከሆነ ተዉት።

በመጨረሻ የሄድኩት ምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ሥራ የተማሩ አንድ ሽማግሌ በያጅ ዘንድ ነው። ድሬዳዋ ባቡር የቆረቆራት ከተማ ናት፤ ብረት የሚያውቅ እጅ ዛሬም አልጠፋባትም። «ጋሼ፣ ይኼን የሚመስል ይሠሩልኛል?» ብዬ የተቆረጠውን ፎርጅድ ሰጠኋቸው። ገልብጠው አዩና «ይኼንን የሚመስል አልሠራም፤ የሚሻል ከፈለግህ ቱቦ ገዝተህ ና» አሉኝ። 304 ቱቦ በ3,200 ብር ገዛሁ። የተበሳው የውስጥ ቱቦ 900፣ ሙቀት የሚችል የመስታወት ጥጥ 300፣ ማንጠልጠያና ብሎኖች 500፣ የእጅ ዋጋ 3,800። ድምሩ 8,700 ብር። ከፎርጅዱ የመግዣ ዋጋ እንኳ 2,800 ብር ያንሳል።

የብየዳውን መስመር ማየት ነበረባችሁ። በኤሌክትሮድ የተበየደ ቱቦ ዳርና ዳር ትርፍራፊ ብረት ይንጠባጠብበታል፤ የእርሳቸው መስመር ግን እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ፣ ፈዘዝ ያለ ወርቃማ መልክ ይዞ ዙሪያውን ሳይቋረጥ ይሄዳል። ማፈኛውን በአንዲት ብሎን አሰሩት፤ ስትፈታ ማፈኛው ይወጣል፤ ጥጡ ተቃጥሎ ሲያልቅ ይቀየራል። አሁን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። የቀየርኩት ጥጡን ብቻ ነው፤ 300 ብር።

ማፈኛውን አስወጥታችሁ አትንዱ። ክፍት ቱቦ ድምፁን ይጨምራል እንጂ ክሩዘር የሚፈለግበትን የዝቅተኛ ዙር ጉልበት ይቀንሳል። እኔ የምፈትነው ወደ ሐረር በሚያወጣው በደንገጎ ዳገት ላይ ነው፤ እኅቴን ከኋላ ጭኜ በሦስተኛ ማርሽ። የፎርጅዱ ማፈኛ ከለቀቀ በኋላ ዳገቱ መሐል ወደ ሁለተኛ እየወረድኩ እወጣ ነበር፤ አሁን በሦስተኛው ይዘልቀዋል።

ካርቡሬተሩንም ሻጭ ስላለ ብቻ አታስነኩ። ከማርሚታው ጋር «ይኼም የግድ ነው» ተብሎ የሚሸጠው ቤንዚን በብዛት የሚያሳልፍ የካርቡሬተር ዕቃ 2,000 ብር ተጠርቶልኝ ነበር። ዕቃው የተሠራው በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚነዱ ሰዎች ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ሳትነኩትም ቤንዚን ይበዛበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን) ፈትታችሁ ተመልከቱ። ጫፉ ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ አትንኩት። ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ ከነጣ አንሷል፤ ያን ጊዜ ብቻ ማስተካከል ተገቢ ነው። የእኔ ሩብ ዙር ብሎን በማዞር ተስተካከለ፤ ክፍያውም የመካኒኩ ሻይ ነበር።

ድምፅን በተመለከተ አንድ ቀን በጣም አፍሬያለሁ። ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪና ድምፅ ነው። በዚያ ጠባብ መንገድ በፎርጅዱ ሳልፍ ድምፁ በግድግዳዎቹ መሐል እየተጋጨ እጥፍ ሆነ። አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ እጃቸውን ከጨርቁ ላይ አንሥተው «ልጄ፣ የታመመ ሰው ቤት ውስጥ አለ» አሉኝ። ሞተሩን አጥፍቼ እየገፋሁ ወጣሁ። የበያጁ ማርሚታ ማፈኛው ካለበት ወፈር ያለ፣ ደረት ውስጥ የሚሰማ እንጂ ጆሮ የሚወጋ ድምፅ የለውም።

ሙቀት መከላከያውንም አትርሱ፤ ፎርጅዱ አልነበረውም። ድሪያ የሴቶች ስስ ቀሚስ ነው፤ የእኅቴ ድሪያ ጫፍ ቱቦው ላይ ቀልጦ ተጣበቀ፤ ባቷ ላይ የቀረው ጠባሳ ዛሬም አለ። ያን ሳስብ ዋጋውን ሁሉ እረሳለሁ። በያጁ ከቱቦው አንድ ጣት የራቀ የላሜራ መከላከያ አብረው ሠርተውልኛል።

የክሩዘራችሁ ሞተር ባለ አንድ ሲሊንደር ከሆነ፣ ለምሳሌ ባጃጅ አቬንጀር፣ የሚሠራው አንድ ማርሚታ ስለሆነ ሒሳቡ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ቱቦው ላይ የኦክስጅን ሴንሰር (የጭሱን ኦክስጅን የሚለካ መሣሪያ) ካለ ቦታውን እንዲተዉለት ቀድማችሁ ንገሩ።

ሙሉውን ገንዘብ ሞተሩ ሳይነሣ አትክፈሉ። ቀስ ብሎ እየሠራ እርጥብ ጨርቅ በማርሚታው ጫፍ ላይ ለአፍታ ያዙበት፤ የሚያፈስስ መገጣጠሚያ ካለ ወዲያው ፉጨት ይሰማል። የሚያፈስሰው ቦታ ካልተደፈነ አየር ይስባል፤ ቤንዚን መስጠት ባቆማችሁ ቁጥር ማርሚታው ይተኩሳል። ጓርኒሲዮን በተፈታ ቁጥር አዲስ ይግባ፤ በ150 ብር መሰሰት ሞኝነት ነው። አሮጌውን ለመፍታት ደግሞ ማታውኑ ብሎኖቹ ላይ ዘይት አድርጋችሁ አሳድሩ፤ ጠዋት ሞተሩን ለብ አድርጋችሁ ጀምሩ።

ወዳጄ ቀብዱን አልሰጠም። ቱቦውን ትናንት ገዝቷል፤ ዋጋው ጨምሮ 3,900 ብር ደርሷል። ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ዘንድ አብረን እንሄዳለን፤ ጓርኒሲዮኖቹን እኔ ይዣለሁ።